ፖስትዶክ ለአልጎሪዝም ሰው፦ የትኛው ሳይንስ ቤት ይገባል?

ፒኤችዲዬን እንደጨረስኩ የገባሁት አንድ የጂኖም ላብ ነበር። የመጣሁት ከሒሳብና ከኮምፒውተር በኩል ነው። ስለ ዲኤንኤ የማውቀው ፊደሎቹ አራት መሆናቸውን ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ሥራዬ የተገኙ ሚውቴሽኖችን ከጂኖች አድራሻ ጋር የሚያገጣጥም ፕሮግራም መጻፍ ነው። ጻፍኩት። ፈጣን ነው፤ መሀል ላይ አይቆምም፤ ውጤቱም ልክ ይመስላል። ግን ጂኑ የሚጀምርበት ጫፍ ላይ ያሉ አንዳንድ ሚውቴሽኖች ይጠፉብኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጎሪዝሙን ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ምንም የለም።

አንድ ቀን አንድ የዶክትሬት ተማሪ በኋላዬ ሲያልፍ ስክሪኔን አየት አደረገ። «ይሄ ቤድ ፋይል አይደል? እሱ እኮ ከዜሮ ነው የሚቆጥረው። ያኛው ቪሲኤፍ ደግሞ ከአንድ» አለኝና ላጥ ብሎ ሄደ። ቤድ የጂኖቹ አድራሻ የተቀመጠበት የፋይል ዓይነት ነው፤ ቪሲኤፍ ደግሞ የሚውቴሽኖቹ። በዘርፉ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ አላውቅም። ልጁ በዚያ ባያልፍ ኖሮ ያንን ውጤት አሳትሜው ነበር።

ከዚያ ወዲህ «አልጎሪዝም መሥራት እወዳለሁ፤ ፖስትዶክ በየትኛው ዘርፍ ልያዝ?» የሚለኝን ሰው መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስትሳሳቱ ማን ይነግራችኋል? ምን ያህል ጊዜስ ይፈጅበታል? ደመወዙም፣ የፕሮፌሰሩ ስምም ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ፖስትዶክ ወይም ድህረ ዶክትሬት አጭር ሥራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት። ስህተቱን በየሳምንቱ የሚሰማና በሦስተኛው ዓመት የሚሰማ ሰው እኩል ተምረው አይወጡም።

ዘርፎቹን በዚህ ዓይን ላወዳድራችሁ። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአየር ትንበያ፦ ነገ ይነግራችኋል

ሁሉንም ደርድረህ አንዱን ለጀማሪ ምረጥ ብባል የአየር ትንበያን እመርጣለሁ። ዛሬ «ነገ ይዘንባል» ትላላችሁ። ነገ ይመጣል። ወይ ዘንቧል ወይ አልዘነበም። መልሱን ደብቆ የሚያቆይ የለም፤ ለእናንተ የሚያዳላም የለም።

እዚህ ያለው ዋናው የአልጎሪዝም ሥራ ዳታ አሲሚሌሽን ይባላል። ከሳተላይት፣ ከአውሮፕላን፣ ከመርከብና ከምድር ጣቢያ የሚመጣው መለኪያ የተቆራረጠ ነው። ሞዴሉ ደግሞ የመላውን ዓለም አየር ሁኔታ በአንድ ቅጽበት ካላወቀ መነሳት አይችልም። ሥራው ሁለቱን ማስታረቅ ነው። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ አየር ትንበያ ማዕከል ፎር ዲ ቫር የሚባለውን ዘዴ በ1997 ሥራ ላይ አውሏል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተለዋዋጮች ላይ ዝቅተኛውን ነጥብ መፈለግ ነው፤ ያውም ትንበያው ጊዜው ሳያልፍበት። ሒሳብ የሚወድ ሰው እዚህ አይርበውም።

በ2023 ደግሞ ነገሩ ተገለባበጠ። ፓንጉ ዌዘርና ግራፍካስት የሚባሉ፣ ከዳታ የተማሩ ሞዴሎች ወጡና ለዓመታት ከተገነቡት የፊዚክስ ሞዴሎች ጋር በብዙ መለኪያ ተፎካከሩ፤ በአንዳንዱም በለጡ። ያ ማዕከል ራሱ በ2025 የራሱን የኤአይ ትንበያ ከነባሩ ሞዴል ጎን መደበኛ ሥራ ላይ አዋለ። እነዚህን ሞዴሎች ያሳደጋቸው ኢአርኤ-5 የሚባል ክምችት ነው። ከ1940 ጀምሮ የነበረውን የዓለም አየር ሁኔታ በየሰዓቱ መልሶ ያሰላ ዳታ ነው፤ ለማንም ክፍት ነው። አሁን ብዙው ጥያቄ እንዴት አድርገን ሁለቱን ዓይነት ሞዴሎች እናጋባ የሚል ነው። ለፖስትዶክ ጥሩ ጊዜ ነው።

ችግሩስ? ፎርትራን በሚባል የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ በዕድሜ ከእናንተ የሚበልጥ ኮድ ሊሰጣችሁ ይችላል። ፎርትራን የሚንቅ ሰው እዚህ ባይመጣ ይሻለዋል። ሌላው ደግሞ የአየር ትንበያና የአየር ንብረት አንድ አይደሉም። በ2060 ምን እንደሚሆን የተነበያችሁትን፣ ኮንትራታችሁ ሳያልቅ መጥቶ የሚያርማችሁ የለም። ማስታወቂያው ላይ ሁለቱ ቃላት ተቀላቅለው ስለሚመጡ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

ባዮሎጂ፦ እንደየሰፈሩ ነው

ባዮሎጂ አንድ ቤት አይደለም፤ መንደር ነው። አንዱ ሰፈር ስህተትን ቶሎ ይናገራል፤ ሌላው ዝም ይላል።

መጀመሪያ የዲኤንኤ ንባቡን እንይ። የ1981ዱ የስሚዝና ዋተርማን ዘዴ ሁለት ተከታታይ ፊደሎችን ሲያስተያይ ምርጡን መልስ ያገኛል፤ ግን ይዘገያል። በ1990 የመጣው ብላስት ምርጡን አገኛለሁ ብሎ አይምልም። ግን ቶሎ ይመልሳል። ባዮሎጂስቶቹ የትኛውን መረጡ? ቶሎ የሚመልሰውን። ይህን ታሪክ ማንኛውም የአልጎሪዝም ሰው ቢይዘው ይጠቅመዋል። እናንተ የምታደንቁት ማረጋገጫና ተጠቃሚው የሚፈልገው ነገር ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

ሌላም አለ። ቡሮውስና ዊለር በ1994 ያወጡት ዘዴ ጽሑፍን አምቆ ለማሳነስ የታሰበ ነበር። ቢዚፕ2 ውስጥ ያለው እሱ ነው። በ2009 ግን ቢደብሊውኤና ቦውታይ የተባሉ ሶፍትዌሮች በዚያው ዘዴ አጫጭር የዲኤንኤ ንባቦችን 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደል ባለው የሰው ጂኖም ላይ ቦታቸውን ማስያዝ ጀመሩ። ዲኤንኤ የሚያነቡት ማሽኖች የሚያመርቱት ዳታ በርክቶ ነባሩ ዘዴ መፈናፈኛ ባጣበት ሰዓት ነው የደረሰው። ከሌላ ቤት ዕቃ ይዞ መምጣት በባዮሎጂ ያስከብራል።

ፕሮቲን ሰፈር ደግሞ ለየት ያለ ደንብ አለው። ከ1994 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ካስፕ የሚባል ውድድር ይካሄዳል። ቅርጻቸው በላብ የታወቀ፣ ግን ገና ይፋ ያልሆነ ፕሮቲኖች ይመረጣሉ። ተወዳዳሪው ፊደላቸው፣ ማለትም የተሠሩባቸው አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ብቻ ይሰጠዋል። ቅርጹን ገምቶ ይልካል። ከዚያ መልሱ ይከፈታል። የፕሮቲን ቅርጽ የሚገምተው አልፋፎልድ 2 የተባለ ፕሮግራም በ2020 እዚያ ባይፈተን ኖሮ ዓለም በዚያ ፍጥነት ባላመነው ነበር። የአልፋፎልዶቹ ዴሚስ ሀሳቢስና ጆን ጃምፐር፣ ከዴቪድ ቤከር ጋር፣ በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሲሸለሙ ብዙ ሰው ያየው ኒውራል ኔትወርኩን ነው። እኔ የሚታየኝ ግን ከ1971 ጀምሮ ተመራማሪዎች አንድ በአንድ እያስገቡ የሞሉት የፕሮቲን ዳታ ባንክና መልሱን ደብቆ የሚፈትነው ውድድር ነው። እነዚያ ሁለቱ ባይኖሩ አልጎሪዝሙ ከምን ይማር ነበር? ማንስ ልክ ነህ ይለው ነበር?

አሁን ያ ሰፈር ተጨናንቋል። ትልቅ ኮምፒውተር ካላቸው ኩባንያዎች ጋር ፊት ለፊት መሮጥ ለአንድ ፖስትዶክ አያዋጣም። ከጎን ያለው ግን ሰፊ ነው፤ የፕሮቲን እንቅስቃሴ፣ አርኤንኤ፣ ከክሪዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚወጡ ምስሎች።

እያንዳንዱ ሴል ለየብቻ በሚለካበት የነጠላ ሴል ዳታ ላይ ግን እጠነቀቃለሁ። ሴሎችን በቡድን የሚከፋፍል አልጎሪዝም ትጽፋላችሁ። አንዱን ቁልፍ ትንሽ ስታዞሩት 8 የሴል ዓይነት ይወጣል። ትንሽ ስትጨምሩ 14። ሁለቱም ሥዕል ያምራል። የትኛው ነው ልክ? ላብ ገብቶ የሚያረጋግጥ ሰው ከጎናችሁ ከሌለ መልስ የለውም። ሥራው መጥፎ አይደለም። ግን የሙከራ ላብ ከሌለው ቡድን ጋር እንዳትገቡ።

የባዮሎጂ ትልቁ ጥቅም ተጠቃሚው ነው። የሚሠራ ሶፍትዌር ካወጣችሁ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይጠቀምበታል፤ ይጠቅሰዋል። ጉዳቱም እዚያው ነው። እኩለ ሌሊት ላይ «አልጫን አለኝ» የሚል ኢሜይል ይመጣል። ከስድስት ዓመት በኋላም ይመጣል።

ሥነ ፈለክ፦ ማንም አይነግራችሁም

ብላክ ሆል ድረስ ሄዶ «ቀለበት ነው ያላችሁት ልክ ነው» የሚል ሰው የለም። ስለዚህ የዚህ ዘርፍ ሰዎች ራሳቸውን መጠርጠር እንደ ሙያ ይዘውታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት እዚህ የሥራ መመሪያ ነው።

ኤም 87 የሚባለው ጋላክሲ መሀል ያለውን ብላክ ሆል የሚያሳየውን ምስል አስታውሱ። ምልከታው የተደረገው በኤፕሪል 2017፣ ስምንት ቴሌስኮፖች በተባበሩበት ዘመቻ ነው። የተሰበሰበው ዳታ 5 ፔታባይት ገደማ ነው፤ በኢንተርኔት የሚላክ ስላልነበር ሐርድ ዲስኮቹ በአውሮፕላን ተጫኑ። የደቡብ ዋልታው ዲስክ ክረምቱ እስኪያልፍ ወራት ጠበቀ። ከዚያ በኋላ የመጣው ነው የእኔ ተወዳጅ ክፍል። ምስል የሚሠሩት ሰዎች በአራት ቡድን ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ለሌላው ያየውን እንዳይናገር ተከለከለ። አንዳንዶቹ ሆግቦም በ1974 ባወጣው ክሊን በሚባለው ነባር ዘዴ ሠሩ፤ ሌሎቹ በአዳዲስ ዘዴዎች። አራቱም ቀለበት ይዘው ተገናኙ። በዚህም አልበቃቸውም። መሀሉ የተሞላ ክብ፣ ማጭድ የመሰለ የጨረቃ ቅርጽ፣ ሁለት የብርሃን ነጠብጣብ እያሉ የሐሰት ዳታ ፈጠሩና አልጎሪዝሞቹን በእሱ ላይ ሞከሩ። ቀለበት በሌለበት ቀለበት የሚያይ አልጎሪዝም እንዳይኖር ማለት ነው። ምስሉ ለሕዝብ የወጣው ኤፕሪል 10 ቀን 2019 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ራስን መጠርጠር።

ግዙፍ የሰማይ አካላት ሲጋጩ በኅዋ የሚሰራጨውን ንዝረት፣ የስበት ሞገድን፣ የሚፈልጉት ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ። በሴፕቴምበር 2010 ጥቂት ኃላፊዎች ብቻ እያወቁ በመሣሪያዎቹ ውስጥ የሐሰት ምልክት ተከተተ። ተመራማሪዎቹ አገኙት። ትልቁ ውሻ ብለው ስም አወጡለት። ወራት ፈጅተው መረመሩ፤ የሚታተም ጽሑፍ ሳይቀር አዘጋጁ። በማርች 2011 ስብሰባ ላይ ምስጢሩን የያዘው ፖስታ ተከፈተ፤ ምልክቱ ሰው ሠራሽ ሆኖ ተገኘ። እኔ ብሆን እናደድ ነበር። ግን እውነተኛው ምልክት ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ሲመጣ መንገዱን አንድ ጊዜ ተመላልሰውበት ነበር።

ለፖስትዶክ እዚህ ሥራ አለ። ቺሊ ያለው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ 3,200 ሜጋፒክሰል ካሜራ ይዞ በየሌሊቱ 20 ቴራባይት ገደማ ዳታ እንዲያመርት የተሠራ ነው፤ ዕቅዱ አሥር ዓመት ነው። ይህን ሁሉ ሰው ተቀምጦ አያየውም። የሚለይ፣ የሚያጣራ፣ ያልታየ ነገር ሲመጣ የሚጠቁም አልጎሪዝም ያስፈልጋል። ኮዱም በአብዛኛው ፓይተን ነው፤ አስትሮፓይ የሚባለውን የጋራ ሶፍትዌር ሁሉም ያውቀዋል። ኮድ የመካፈል ባህሉ ከብዙ ዘርፎች የተሻለ ነው። ቋሚ የሥራ ቦታው ግን ጥቂት ነው። ይህን ሳይደብቁ የሚነግሯችሁ ራሳቸው የሥነ ፈለክ ሰዎች ናቸው።

የቅንጣት ፊዚክስ፦ የተጣለው አይመለስም

ቅንጣቶችን እያጋጨ በሚመረምረው ትልቁ የሐድሮን ማጋጫ ውስጥ የፕሮቶን ጥቅሎች በሰከንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ። ይህን ሁሉ ማስቀመጥ አይቻልም። ትሪገር የሚባለው ሥርዓት በጥቂት ማይክሮሰከንድ ውስጥ «ይቀመጥ» ወይም «ይጣል» ይላል። አብዛኛው ይጣላል። የተጣለው ለዘላለም ተጣለ። አልጎሪዝማችሁ አዲስ ቅንጣት ቢጥል መጣሉን ማንም አያውቅም፤ እናንተም አታውቁም። ከሁሉም ዘርፍ ዝምተኛው ስህተት ይህ ይመስለኛል።

ሥራው ግን ልብ ይሰቅላል። ኒውራል ኔትወርክን ቆርጦ፣ ቀጥቅጦ፣ ኤፍፒጂኤ በሚባል ቺፕ ውስጥ ማስገባት። ከላይ «ፈጣን» ያልኩት ሁሉ እዚህ ሲደርስ ቀርፋፋ ነው። ከሐርድዌር ጋር መታገል ለሚወድ ሰው ሌላ ቦታ አይመቸውም።

የማይመቸው ስሙን በጉልህ ማየት ለሚፈልግ ነው። በ2015 አትላስና ሲኤምኤስ የተባሉት ሁለቱ ቡድኖች ሒግስ ስለሚባለው ቅንጣት ክብደት አብረው ያወጡት ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች አሉት። ከ33 ገጹ 24ቱ የስም ዝርዝር ነው። በዚያ ውስጥ የእናንተን ድርሻ ከውጭ ያለ ቀጣሪ እንዴት ያያል? አያይም። የሚያየው የምክር ደብዳቤውን ነው። ስለዚህ እዚህ ከገባችሁ ማን ደብዳቤ እንደሚጽፍላችሁ ከመጀመሪያው ወር አስቡበት።

የሕክምና ምስል፦ ይነግሯችኋል፣ ግን በጊዜው

በ2006 አካባቢ ካንዴስ፣ ሮምበርግ፣ ታኦና ዶኖሆ ኮምፕረስድ ሴንሲንግ የሚባለውን ሒሳብ አወጡ። ፍሬ ነገሩ ምስሉ በሆነ መንገድ ቀለል ብሎ መጻፍ የሚችል ከሆነ ከጥቂት መለኪያ መልሶ መሥራት ይቻላል የሚል ነው። በ2007 ወደ ኤምአርአይ ገባ። በሽተኛው ማሽኑ ውስጥ የሚተኛበት ጊዜ ያጥራል ማለት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለንግድ የወጡትን ማሽኖች የፈቀደው በ2017 ነው። አሥር ዓመት። ንድፈ ሐሳቡ በጣም ያማረ፣ መንገዱም የቀና ሆኖ አሥር ዓመት።

ይህ መዘግየት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዳታ የተማረ አልጎሪዝም ያልነበረ የደም ሥር ሊሥል ይችላል፤ የነበረውን ትንሽ ቁስል ሊያጠፋም ይችላል። አማካይ ስህተቱ ዝቅ ብሎ፣ ምስሉም አምሮ ሳለ። ይህን የሚያይላችሁ ራዲዮሎጂስት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ላቡ ሐኪም አለው ወይ?» ነው። አለው ከተባለ በሳምንት ስንት ሰዓት ይቀመጥላችኋል? በስም ብቻ ያለ ሐኪም እንደሌለ ይቆጠራል።

ሌላው ጣጣ ዳታው ነው። የሕሙማን ዳታ የሥነ ምግባር ፈቃድ ይፈልጋል፤ ወራት ይወስዳል። የሁለት ዓመት ኮንትራት ፈርሞ ስምንት ወር ዳታ የጠበቀ ሰው አውቃለሁ። ከመፈረማችሁ በፊት «ፈቃዱ ወጥቷል ወይስ ሊወጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሊወጣ ነው» ማለት አልወጣም ማለት ነው።

ስለ ኬሚስትሪና ስለ ኳንተም ባጭሩ። በኬሚስትሪና በማቴሪያል ሳይንስ፣ የኤሌክትሮኖችን ሁኔታ ለማስላት የሚያገለግለው፣ በ1964 እና በ1965 የተመሠረተው የዴንሲቲ ፈንክሽናል ንድፈ ሐሳብ እስከ ዛሬ የዘርፉ ፈረስ ነው። አሁን ሩጫው የእሱን ውጤት በማሽን ለርኒንግ በርካሽ መተካት ላይ ነው። ደስ የሚለው ስህተታችሁን ውድ የሆነው ስሌት ራሱ ይነግራችኋል፤ ኮምፒውተር እስካላችሁ ድረስ ሌላ ሰው አትጠብቁም። ለኳንተም ኮምፒውተር በሚጻፈው የኳንተም አልጎሪዝም ደግሞ የሚነግራችሁ የሒሳብ ማረጋገጫው ነው። ሾር ቁጥርን ወደ አካፋዮቹ የሚበትነውን አልጎሪዝሙን ያወጣው በ1994 ነው፤ እሱን ለትልልቅ ቁጥሮች የሚያስኬድ ማሽን ዛሬም የለም። ወረቀትና እርሳስ የሚበቃችሁ ከሆነ ግቡ። ተጠቃሚ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም የሚል ሰው ይቅርበት።

እንግዳ ወይስ ቤተኛ

ዘርፉን መረጣችሁ እንበል። አሁንም ሁለት ዓይነት ላብ አለ። አንደኛው የአልጎሪዝም ሰዎች ቡድን ሆኖ ከሳይንቲስቶች ጋር የሚሠራ ነው። ሁለተኛው የሳይንስ ላብ ሆኖ አንድ የአልጎሪዝም ሰው የሚቀጥር ነው።

ሁለተኛው ያጓጓል። ሳይንሱ አጠገባችሁ ነው፤ ችግሩ ከነትኩሱ ይመጣላችኋል። አደጋው «የኮምፒውተር ሰውዬ» መሆን ነው። የአንዱን ግራፍ ታስተካክላላችሁ፤ የሌላውን ሰርቨር ታስነሳላችሁ፤ ፕሪንተር ሳይቀር ይመጣል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ስማችሁ በስድስት ጽሑፍ ላይ መሀል ገብቷል፤ የራሳችሁ የምትሉት አንድም የለም። ደግሞም ኮዳችሁን የሚያነብ ሰው የለም። እኔን ከዜሮና ከአንድ ያዳነኝ ልጅ በዘርፉ ስህተት ነው የያዘኝ። የአልጎሪዝም ስህተት ቢሆን ኖሮ እሱም አያየውም ነበር።

አንደኛው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ኮዳችሁን የሚያነብ አለ። ግን ስለ ቤድና ቪሲኤፍ የሚነግራችሁ የለም። ቡድኑ በሰው ሠራሽ ዳታ ላይ ተጫውቶ፣ ጥሩ ቁጥር አውጥቶ፣ ጽሑፍ አሳትሞ ሊያልፍ ይችላል። የተጠቀመበት ሳይንቲስት ግን አይኖርም።

እኔ የምመክረው ሁለት ኃላፊ ያለው ሥራ ነው፤ አንዱ ከሳይንሱ፣ አንዱ ከአልጎሪዝሙ። ይህ ሲሆን አንዱ ሌላውን እየጠበቀ እናንተ መሀል የምትንጠለጠሉበት ጊዜ ይኖራል። ቢሆንም ይሻላል።

ስለ ማሳተምም አንድ ነገር። የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሎች እንደ ኒውሪፕስ ያሉትን ጉባኤዎች ይቆጥራሉ። ባዮሎጂስት ኒውሪፕስ ስትሉት ጉባኤ ሄደህ ነበር እንዴ ብሎ ያልፋል። እሱ የሚያውቀው ጆርናል ነው። ከፖስትዶክ በኋላ የት ማመልከት እንደምታስቡ ካወቃችሁ የሚቆጠርላችሁን ከወዲሁ ምረጡ። ሁለቱንም እይዛለሁ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ይይዛል። ሶፍትዌሩን ራሱን ማሳተም የሚፈልግ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ለዚሁ የተቋቋመ የክፍት ሶፍትዌር ጆርናል አለ፤ ገምጋሚዎቹ ኮዱን ጭነው ያዩታል። በነገራችን ላይ ከመመራመር ይልቅ ሶፍትዌሩን መገንባት የሚጥማችሁ ከሆነ የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ የሚባል ሙያ አለ። ስሙ ከ2012 ወዲህ ከእንግሊዝ ተነስቶ ተስፋፋ። ፕሮፌሰርነት ብቻ ነው መጨረሻው ብሎ ማሰብ ቀርቷል።

የማን ገንዘብ ነው?

የፖስትዶክ ደመወዝ ከሁለት ቦታ ይመጣል፤ ወይ ከፕሮፌሰሩ ፕሮጀክት ወይ እናንተ ተወዳድራችሁ ካገኛችሁት ፌሎሺፕ። በፕሮፌሰሩ ገንዘብ ከሆነ ሥራው ቀድሞ ተጽፏል። እናንተ ፈጻሚ ናችሁ። ቶሎ ይገኛል፤ ነፃነቱ ግን በሰውየው ቸርነት ይወሰናል። የራሳችሁን ይዛችሁ ከመጣችሁ ጥያቄውም የእናንተ ነው። አዲስ አልጎሪዝም መፍጠር የሚፈልግ ሰው ቢደክምም ይህን ይሞክር።

ዘርፍ ለሚቀይር ሰው ተብለው የተዘጋጁም አሉ። የሂዩማን ፍሮንቲየር ሳይንስ ፕሮግራም በሦስት ዓመት ፌሎሺፑ ውስጥ በፊዚክስ፣ በሒሳብ፣ በኮምፒውተርና በመሳሰለው ፒኤችዲ ይዘው ወደ ሕይወት ሳይንስ ለሚሻገሩ የተለየ ክፍል አለው። የሽሚት ሳይንስ ፌሎስ ደግሞ ከፒኤችዲው ዘርፍ መውጣትን ራሱ እንደ ግዴታ ያስቀምጣል። የአውሮፓው ማሪ ስኮዶውስካ ኩሪ ፌሎሺፕ ከፒኤችዲ በኋላ እስከ 8 ዓመት የምርምር ልምድ ላለው ክፍት ነው፤ ግን የመንቀሳቀስ ደንብ አለው። ካለፉት 36 ወራት ከ12 በላይ በአስተናጋጁ አገር ከኖራችሁ እዚያ አያስገባችሁም። ብዙ ሰው ይህን የሚያነበው ማመልከቻውን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው። የጀርመኑ ሁምቦልት ከ6 እስከ 24 ወር ይሰጣል፤ ለፖስትዶክ ፒኤችዲው ከ4 ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት። ደንቦች ይቀያየራሉ፤ የዓመቱን ጥሪ ራሱን አንብቡ።

ብሔራዊ ላብራቶሪዎችን እንዳትረሱ። በ2022 ፍሮንቲየር የተባለው፣ በአሜሪካው ኦክሪጅ ብሔራዊ ላብራቶሪ ያለው ሱፐርኮምፒውተር በሰከንድ ከቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን በላይ ስሌት መሥራት መቻሉ ተመዘገበ። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ኮድ ማስኬድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። ሶፍትዌር ለዓመታት ተጠብቆ የሚኖርበትም ቦታ ነው። ማስተማር የለም፤ ለአንዳንዱ ይህ ፀጋ ነው፣ ለአንዳንዱ ጉድለት። አንዳንድ ሥራዎች በዜግነት የተገደቡ ስለሆኑ ማስታወቂያውን እስከ ታች አንብቡ። ኩባንያ ውስጥ ያለ ፖስትዶክ ከሆነ አንድ ነገር በጽሑፍ ያዙ፦ የሠራሁትን ማሳተም እችላለሁ? ስወጣስ ኮዱን ይዤ መውጣት እችላለሁ? «ብዙ ጊዜ ችግር የለም» የሚል መልስ ጽሑፍ አይደለም።

ሁለት ሥራ ተገኝቶ መምረጥ ሲያቅት

ቃለ መጠይቁ ላይ ፕሮፌሰሩን ብቻ አትጠይቁ። ከላቡ የወጡትን ፖስትዶኮች ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ የት ደረሱ፣ ስንት ዓመት ቆዩ፣ የጻፉት ኮድ ዛሬ ማን እጅ ላይ ነው። በትልልቅ ኮምፒውተሮች ላይ የተፈቀደላቸው የስሌት ሰዓት ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ባለፈው ዓመት የትኛው ውጤታቸው ስህተት ሆኖ እንደተገኘና ማን እንዳገኘው ጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ሰውን ትንሽ ያስደነግጣል። «ምንም የለም» ካሏችሁ ተጠንቀቁ። እየሳቁ ረጅም ታሪክ ከጀመሩላችሁ ጥሩ ምልክት ነው።

ከዚያ ቤታችሁ ግቡና የላቡን ኮድ አውርዱ። መመሪያው ላይ በተጻፈው መሠረት ጫኑት። የምሳሌ ዳታውን አስኪዱ። ግማሽ ቀን ስጡት። ካልሠራ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ጻፉላቸው። ማን፣ በስንት ቀን፣ ምን ብሎ እንደሚመልስ እዩ።

እኔ ሁለተኛውን ፖስትዶኬን የመረጥኩት እንዲህ ነው። የሁለቱም ላብ ኮድ አልሠራልኝም ነበር። አንደኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ «እሱን የጻፈው ልጅ ከዚህ ሄዷል» አለኝ። ከሌላኛው በማግስቱ አጭር ኢሜይል መጣ፦ «ትክክል ነው፣ ተበላሽቷል። ከመጋቢት ጀምሮ ተበላሽቶ ነበር ማለት ነው። አስተካክለነዋል፤ እንዳይደገም ቴስት ጨምረንበታል። ሌላ ካገኘህ ላክልን።»